ጋሼ ያቆዩልኝ ፍላሽ

እኔ ቶሎ ግንፍል የምል ሰው ነኝ፤ አልክድም። በጋሼ ላይ ግን ተቆጥቼ አላውቅም። ሆስፒታሉ ኮምፒውተር ክፍል ስቀጠር ሥራውን ያስተማሩኝ፣ ስሳሳት "አይዞሽ" እያሉ የሸፈኑልኝ እሳቸው ናቸው።

ጡረታ የሚወጡ ዕለት ከሰዓት በኋላ መጡና አንዲት ፍላሽ እጄ ላይ አኖሩ። የድረ ገጻችን ሚስጥራዊ ቁልፍ ቅጂ ናት አሉኝ። ሰርቨሩ ድንገት ቢቃጠል እንዳልቸገር፣ ዓመት ሙሉ ቤታቸው አስቀምጠውልኛል።

ክው አልኩ። ይህ ቁልፍ የበር አይደለም፤ ፋይል ነው። እጁ የገባ ሰው እኛን መስሎ የሕመምተኞችን ሚስጥር ሊቀበል ይችላል። ከሰርቨሩ እንዳይወጣ የሚከለክለውን ደንብ ያረቀቀው ማን ይመስላችኋል? ራሳቸው ጋሼ!

ፍላሿን ሌላ ሰው ነክቷት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ልጃቸው አንዴ የትምህርት ቤት ወረቀት ልታሳትም ማተሚያ ቤት ወስዳት ነበር፤ ግን ወዲያው መልሳታለች አሉ። የመንደሩ ፍላሽ ሁሉ የሚሰካበት ኮምፒውተር ላይ ተሰክታለች ማለት ነው።

አሮጌውን ቁልፍ አሰርዞ አዲስ ማውጣት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የከበደኝ ቁልፍ ሲቀየር የሚሞላው ቅጽ ነው። "ምክንያት" ይላል፤ "የፈጸመው ሰው" ይላል። አዳራሹ ውስጥ ለሽኝታቸው ወንበር እየተደረደረ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ስለ ጥንቃቄያቸው ሊናገሩ ነው። ሠላሳ ዓመት እንከን ያልተገኘባቸውን ሰው በዚህ ቀን ላዋርዳቸው? ሆዴ አልቻለም። "ጊዜው ስለደረሰ ተቀየረ" ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ከተጻፈ፣ ባለፈው ዓመት በስማችን የተታለለ ሕመምተኛ ይኑር አይኑር ማንም እንደማያጣራ አውቃለሁ። እያወቅኩ ጻፍኩት።

ጋሼ ከኋላዬ ቆመው አነበቡት። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ፤ አሳዘኑኝ።

"ተነሺ እስቲ፣ ልጄ" አሉኝ።

ወንበሬ ላይ ተቀምጠው የጻፍኩትን አጠፉት። ቢያንስ ሽኝቱ ይለፍ ብዬ ለመንኳቸው፤ ነገ በጠዋት እኔው አስተካክለዋለሁ አልኩ።

"ነገማ እኔ እዚህ የለሁም። የምትጠየቂው አንቺ ነሽ" አሉ።

የሆነውን ሁሉ፣ ማተሚያ ቤቱንም ጭምር ጻፉ። ስማቸውን ሞሉ፣ አተሙት፣ ፈረሙበት። ከዚያ ክራባታቸውን አስተካክለው፣ ንግግሩ ሳይጀመር ለዳይሬክተሩ ሊሰጡ ወደ አዳራሹ ሄዱ። እኔም እንባዬን እየጠረግኩ አዲሱን ቁልፍ ማውጣት ጀመርኩ።