የያምሮት መንታ

አምለሰትና ያምሮት መንታ ናቸው። ያምሮት ቀድማ ተወለደች፣ አምለሰት ተከተለች። አባታቸው ወንዳወቅ ልጆቹ ቆመው ሳይሄዱ ሞተ። እናታቸው ደስታነሽ ተመርምራ ኤች አይ ቪ በደሟ እንዳለ ያወቀችው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹም ተመረመሩ። ያምሮት ላይ ተገኘ፤ አምለሰት ላይ አልተገኘም። ሐኪሙ ይህ በመንታ ላይ የሚያጋጥም ነው አለ እንጂ ለምን እንደሆነ አላስረዳም።

ደስታነሽ ከቡሬ ገጠር ተነሥታ ፍኖተ ሰላም ገባች፤ ቤት ተከራይታ በርበሬ መቸርቸር ጀመረች። ማታ ማታ ራት ከመቅረቡ በፊት እሷና ያምሮት ጎን ለጎን ተቀምጠው ኪኒናቸውን ይውጣሉ። አምለሰት ልጅ ሳለች በዚያች ሰዓት ፊት ለፊታቸው ትቆምና "ለኔስ?" እያለች ታለቅስ ነበር።

"ላንችማ እግዜር ከልክሎሻል፤ ተመስገን በይ" ትላታለች እናቷ።

አምለሰት ተመስገን ማለቱ አልሆነላትም። ለያምሮት ወተት ይገዛል። ያምሮት ካሳለች ቤቱ ይሸበራል። ውኃ የምትቀዳ አምለሰት፣ ወፍጮ ቤት የምትላክ አምለሰት፣ ስታጠፋ የምትገረፍም አምለሰት ናት። ጤነኛ መሆን የሥራ ስም መሰላት።

ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ አምለሰት የወጣቶች ጸረ ኤድስ ክበብ ገባች፤ እህቷንም አስገባቻት። አምለሰት ተናጋሪ ናት፣ እንግሊዝኛዋም ጥሩ ነው። የክበቡን ድራማ የምትጽፈው እሷ ናት፤ ዱርቤቴና መራዊ ገበያ ላይ የድምፅ ማጉያ ይዛ ሕዝብ የምትሰበስብም እሷ ናት። ያምሮት ዝምተኛ ናት። መድኃኒት ያቋረጠ ልጅ አለ ሲባል ብቻዋን ወደ ቤቱ ትሄዳለች፣ አብራው ትቀመጣለች፣ በማግስቱ ልጁ ሆስፒታል ይታያል። ምን እንዳለችው ማንም አያውቅም። ቫይረሱ እንዳለባት የሚያውቁት የክበቡ አባላትና እንደሷ ያሉ ጥቂት ወጣቶች ብቻ ነበሩ። ሁሉም ይወዷታል። አምለሰት ድምጿ እስኪዘጋ ጮኻ ከመድረክ ስትወርድ አዲስ የመጣ አባል "ይች ማን ናት?" ይላል፤ "የያምሮት መንታ ናት" ይሉታል።

አንድ ቀን የክበቡ አስተባባሪ ወንድምአገኝ፣ ወጣት ነርስ ነው፣ ሁለቱን ለብቻ ጠራቸው። ኪጋሊ ላይ ከየአገሩ የተውጣጡ ወጣቶች የሚነጋገሩበት ጉባኤ ተዘጋጅቷል። ለመድኃኒቱ ገንዘብ የሚመድቡ ትልልቅ ሰዎችም ይመጣሉ። ከነሱ ፊት ቆሞ የሚናገር፣ ከቫይረሱ ጋር የሚኖር ወጣት ይፈለጋል።

"ያምሮት ታሪኳን ጽፋ በመላክ ትሞክር። አምለሰት፣ በእንግሊዝኛው አግዣት" አለ።

ማገዝ ብቻ አልነበረም። ያምሮት በአማርኛ ጥቂት ቃል ትናገራለች፤ አምለሰት ያንን አስፍታ፣ አሳምራ ትጽፈዋለች። "እኔ ከቫይረሱ ጋር ተወለድኩ" ብላ በእህቷ ቦታ ሆና ስትጽፍ እንባዋ መጣ። ማለፊያ ጽሑፍ እንደሆነ ታውቃለች። ያምሮትን ከጠሩ እሷንም በአስተርጓሚነት እንደሚጠሯት ልቧ ነግሯት ነበር።

መልሱ መጣ። ጽሑፉ ልባቸውን እንደነካው ገልጸው ያምሮትን ጋበዙ። አስተርጓሚ ግን እዚያው አለን አሉ።

ወንድምአገኝ ሲያነበው ክበቡ በሙሉ አጨበጨበ። አምለሰትም አጨበጨበች። ልባቸውን የነካው የኔ ቃል ነው፤ አውሮፕላን የምትሳፈረው ግን እሷ ናት እያለች አጨበጨበች። ቤት ስትገባ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ ያ ደም የኔ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምሄደው እኔ ነበርኩ። ወዲያው ራሷን ጠላችው፤ ግን ሐሳቡ አልሄደላትም።

አንድ እንቅፋት ብቻ ቀርቶ ነበር። አዘጋጆቹ የተናጋሪዎቹን ፎቶና ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ያወጣሉ። ደስታነሽ ይህን ስትሰማ ደነገጠች።

"የቡሬ ዘመድ ቢያይስ? የገበያው ሰውስ? ስንት ዘመን የደበቅሁትን?"

ያምሮት "አንች ካልፈቀድሽ እቀራለሁ እማየ" አለች። አምለሰት በሆዷ ትቅር፣ ትቅር አለች። ቀናት ሲያልፉ ግን እናቷ ስትለሳለስ አየች። አንድ ቀን ጠዋት ደስታነሽ የያምሮትን አዲስ ነጠላ አጣጥፋ ስታስቀምጥ ደረሰችባት። ይህን ጊዜ አላስቻላትም። ሥራ አለኝ ብላ ወጥታ ሚኒባስ ተሳፈረች፤ ወደ ቡሬ።

የእናታቸው ታላቅ ወንድም ገብረ ኢየሱስ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ደብር የቅኔ መምህር ናቸው፤ አገሩ የኔታ ነው የሚላቸው። እሳቸው አይሆንም ካሉ እናቷ እንደማትደፍር አምለሰት ታውቃለች። ከቡሬ በባጃጅ ሄዳ የቀረውን በእግሯ ገባች። ጤፉ ገና አልታጨደም። የየኔታ ባለቤት ወለተ ኢየሱስ ግቢው ውስጥ በርበሬ ታሰጣለች።

የኔታ ከግድግዳው ጥግ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ጉልበታቸውን ሳመች።

"መንገድ ቀናሽ፣ ልጄ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን የኔታ፣ ቀናኝ። እርስዎ ደኅና ሰነበቱ?"

ጥቂት ስለ እናቷ ተጠያየቁ። ከዚያ ነገረቻቸው፤ እናቷ ታማ እንደኖረች፣ ያምሮት ከበሽታው ጋር እንደተወለደች፣ አሁን ዓለም ፊት ቆማ ልታወራው እንደሆነ። "ለእናቴ ፈርቼ ነው። እርስዎ ቢከለክሉልን ብየ ነው" አለች።

የኔታ ፊታቸውን ከፀሐዩ ወደሷ መለሱ።

"እናትሽን በበቅሎ አስቀምጨ ጤና ጣቢያ ያደረስኋት እኔ ነኝ። አንች በጀርባዋ ነበርሽ፤ ያምሮትን እኔ ታቅፌ ነበር። ያን ጊዜ የሰማሁትን ለቤቴ ሰው እንኳ አልተነፈስኩም።"

አምለሰት አንገቷን ደፋች። በዚያም ቀን የታቀፉት ያምሮትን ነው ብላ አሰበች።

"ስትመጭ መንገድ ቀናሽ ብየ ጠይቄሽ ነበር" አሉ የኔታ ቀስ ብለው። "ለካ መንገዱ አይደለም። በእህትሽ ነው የቀናሽ።"

 ቀና ስትል ወለተ ኢየሱስ በርበሬ የሞላ ሰፌድ ይዛ ከጥጉ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

ወሬው ፍኖተ ሰላም ለመድረስ ከአምለሰት ብዙም አልዘገየም። በሚቀጥለው ገበያ ደስታነሽ እንደ ወትሮው የበርበሬ ማዳበሪያዋን ፈትታ ተቀመጠች። ደንበኞቿ አጠገቧ ደርሰው ወደ ሌላ ይታጠፋሉ። አንዷ ሴት የጨበጠችውን በርበሬ መልሳ ጣለችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከጎኗ የምትቸረችረው ሠርክአዲስ፣ ስንት ዓመት አብረው ምሳ የበሉ ናቸው፣ ዕቃዋን ጎትታ ራቅ አለች።

ደስታነሽ ማዳበሪያው እንደሞላ ተሸክማ ገባች። ልጆቿ ፊት ተቀመጠች።

"ያወራችው ወለተ ኢየሱስ ነች ይላሉ። ለሷ ማን ነገራት?"

"እኔ ነኝ" አለች አምለሰት። "ለየኔታ ስነግር ሰማችኝ።"

"ለምን?"

"እንዳትሄድ ብየ።"

ደስታነሽ እጇን አነሣች፤ ግን አልመታቻትም። እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ያምሮት ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ቆይታ ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። አምለሰትን አላየቻትም።

"እማየ፣ ከእንግዲህ የምንደብቀው አለ?"

"ምን ቀረ ብለሽ ነው ልጄ።"

"እንግዲያው እሄዳለሁ። ፎቶየንም ያውጡት።"

እናትየዋ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። አምለሰት የዘጋሁት ያለችውን በር በገዛ እጇ እንደከፈተችው ያን ጊዜ ገባት።

በቀጣዩ ገበያ የኔታ ገብረ ኢየሱስ ጭራቸውን ይዘው፣ ጥምጥማቸውን አጥብቀው ከቡሬ መጡ። እህታቸው አጠገብ አነስተኛ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጡ። ምንም አላስተማሩም፣ ማንንም አልገሠጹም። የሚያውቃቸው ሁሉ መጥቶ እጅ ነሣ፤ እሳቸውም "እህቴ ናት፣ ጠይቋት" ይላሉ። እጅ የነሣው አንዳንዱ አፍሮም ይሁን ወዶ በርበሬ ገዛ። ሌላው ሰላም ብሎ ብቻ ሄደ። ሠርክአዲስ በራቀችበት ቀረች። ደስታነሽ ግን ቦታዋን አልለቀቀችም።

ያምሮት እስከ መሄጃዋ ዋዜማ ለእህቷ አንድ ቃል አልተናገረችም። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሻንጣዋን እያስተካከለች ሳለ አምለሰት የጻፈችላትን የእንግሊዝኛ ንግግር አውጥታ ዘረጋችላት።

"አስጠኝኝ።"

አምለሰት ወረቀቱን ተቀበለች፤ ማንበብ ግን አልቻለችም።

"ምኔን ነው የቀናሽብኝ?" አለች ያምሮት።

"ሁሉንም።"

"ኪኒናውንም?"

"ኪኒናውንም።"

ያምሮት ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። ሻንጣዋን ትታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እማየ እኔን አንድ ቀን መትታኝ አታውቅም። አንችን በአለንጋ ስታባርርሽ በመስኮት አያለሁ። ይች ልጅ አትሞትም፣ እማየ ይህን ስለምታውቅ ነው የምትመታት እላለሁ። እኔ ሰሐን ሰብሬ እንኳ 'አይዞሽ' ነው የምትለኝ። አንድ ቀን ሆን ብየ ማሰሮ ሰብሬ ጠብቄያት ነበር። አቀፈችኝ። ያን ዕለት ስትቀበሪ እያሰብሁ አደርሁ።"

"እኔን?"

"አንችን። ቦታ እንለዋወጥ ብየ ነው።"

 ያምሮት ይቅር ብየሻለሁ አላለችም፤ አምለሰትም አልጠየቀችም። በኋላ ወረቀቱን ይዘው ቃል በቃል አጠኑ። ያምሮት ሲጠፋት አምለሰት ትነግራታለች፤ ቃሉን አስተካክላ እስክትል ድረስ ታስደግማታለች።

የጉባኤው ዕለት የክበቡ አባላት በወንድምአገኝ ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ምስሉ እየቆመ ይሄዳል። ያምሮት ነጠላዋን ለብሳ ከመናገሪያው ኋላ ቆመች። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አለችው። ከዚያ ወረቀቱን አየች፣ አዳራሹን አየች፣ ወረቀቱን አጥፋ አስቀመጠችው።

"በአማርኛ ልናገር" አለች። አስተርጓሚው ተከተላት።

"ልጅ ሳለሁ ይህ መድኃኒት ገና ወደ አገራችን መግባቱ ነበር። አባቴ አልደረሰበትም፣ እኔ ደረስሁበት። ምስጋና ልነግራችሁ አልመጣሁም፤ ምስጋናውን እናቴ በየቀኑ ታደርሳለች። እኔ የመጣሁት ስለ እኛ ስትመክሩ ከበር ውጭ አታቁሙን ለማለት ነው። መድኃኒት ያቋረጠ ልጅ ለምን እንዳቋረጠ እናንተ ከምታውቁት ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ሰልችቶት አይደለም። ደብቆ መዋጥ ደክሞት ነው።"

ሌላም ተናገረች። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ክበቡ ውስጥም ጩኸት ሆነ። አምለሰት ጥርሷን ነክሳ ያችን የታጠፈች ወረቀት ትመለከታለች። የኔ ይሻል ነበር ብላ አሰበች። የያምሮት እንደሚሻል ታውቃለች፤ ያ ነው ያቃጠላት።

ንግግሩ ከስልክ ስልክ ዞረ። ያምሮት ሳትመለስ አንዲት ወጣት ከሽንዲ መጥታ የክበቡን በር አንኳኳች። ስሟ ምሥራቅ ነው። ያምሮትን ፈለገች።

"የለችም። እኔ መንታዋ ነኝ" አለች አምለሰት በለመደችው ስልቹ ድምፅ።

ምሥራቅ አየቻት። "አንችም አለብሽ?"

"የለብኝም።"

"እንግዲያው ካንችም ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ።"

እጮኛዋ ክንዱ ይባላል። ሠርጋቸው ሲቃረብ ቫይረሱ እንዳለበት ራሱ ነገራት። ቤተሰቧ ተይው ብለዋታል። "አልተወውም። ግን የሌለበት ሰው አብሮ ሲኖር እንዴት እንደሚሆን የሚነግረኝ አጣሁ" አለች።

አምለሰት የምታውቀውን ነገረቻት። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከወሰደ፣ ቫይረሱም በምርመራ የማይታይ እስኪሆን ከወረደ በግንኙነት እንደማይተላለፍባት፣ ሁለቱም አብረው ሐኪም ዘንድ ቀርበው ውጤቱን ማየት እንዳለባቸው ነገረቻት። ይህን መድረክ ላይ ስንት ጊዜ ብላዋለች። ከዚያ መድረክ ላይ ብላው የማታውቀውን ጨመረች።

"ሰው ሁሉ የሱን ጤና ይጠይቃል። ያንችን የሚጠይቅ ላይኖር ይችላል። ያን ጊዜ ትቀኛለሽ። ታፍሪበታለሽ፣ ግን ትቀኛለሽ። ሲመጣብሽ ለሱ ንገሪው፤ ውስጥሽ አታቆይው። እኔ አቆይቼው እናቴን ጎዳሁ።"

ምሥራቅ ብዙ ጠየቀች። ስለ ምግቡ፣ ስለ ልጅ መውለድ፣ ስለ ሐሜቱ። አምለሰት መለሰች፤ የማታውቀውን ወንድምአገኝን ጠርታ አስመለሰች። መናኸሪያ ድረስም ሸኘቻት።

ያምሮት በሳምንቱ ገባች። መናኸሪያው ላይ የክበቡ ልጆች ከበው አነሷት፤ አንዱ ፎቶ ያነሣል፣ አንዱ ይስማል፣ ሌላው ይጮኻል። አምለሰት ከኋላ ቆማ የእህቷን ሻንጣ ጠበቀች። ያ የለመደችው ቅናት ተነሣ፤ እንደነበረ ነው፣ አልሞተም። ሰዉ ሲበተን ሻንጣውን አንድ አንድ ጆሮውን ይዘው ወደ ቤት አዘገሙ።

"ሳልኖር ምን አዲስ ነገር ነበር?" አለች ያምሮት።

"ከሽንዲ እንግዳ መጥታ ነበር።"

"እኔን ብላ?"

"ስትመጣ አንችን ብላ ነበር" አለች አምለሰት። "ለሠርጓ ግን እኔንም ጠርታኛለች።"