የግራ እግሩ ሽጉጥ

ሎርና መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክካ እጇን ከውሃ ጋኑ ጀርባ እስከ ክርኗ ከትታለች። ያገኘችው አቧራና አንድ የደረቀ በረሮ ነው። ከበሩ ማዶ ለቅሶ ደራሾቹ ይንሾካሾካሉ። በምዕራብ ቴክሳስ ሹክሹክታ ማለት የሚታማው ሰው እየሰማ፣ አልሰማሁም ለማለት ግን እንዲመቸው አድርጎ መናገር ነው።

አንዷ በሩን ቆርቆር አድርጋ ደህና መሆኗን ጠየቀች። ሎርና ደህና ነኝ አለችና ፎጣዎቹን አንድ በአንድ ማራገፍ ጀመረች።

የምትፈልገው ሽጉጥ ነው። አባቷ ሆሊስ ታኬት ማክሰኞ ጠዋት የውሃ ሞተሩ ቤት ደጃፍ ላይ ወድቆ ቀረ፤ ልብ ነው አሉ። እሷ ከዳላስ አምስት ሰዓት ነድታ፣ የአራት ዓመት ልጇን ኔልን ይዛ ደረሰች። የዚያኑ ዕለት ማታ ቀብር አስፈጻሚው የሟቹን ዕቃ በካኪ ከረጢት ሲያመጣ በሩ ላይ የተቀበለችው እሷ ነች። ሰውየው መሣሪያ ነክ ነገር እንደማይነካካ፣ ሁለቱንም አፎቶች እንደተቆለፉ እንዳመጣቸው ነግሯት ሄደ። መኝታ ቤት ገብታ ለብቻዋ ከፈተችው። የቀኝ ወገቡ አፎት ውስጥ ትልቁ ሽጉጥ አለ። የግራ ቁርጭምጭሚቱ አፎት ግን ባዶ ነበር።

ሆሊስ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሁለት ሽጉጥ ሳይታጠቅ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። እንግዲህ ትንሿ፣ አምስት ጎራሿ፣ እግሩ ላይ ካልተገኘች አንድ ቦታ ተቀምጣለች ማለት ነው፤ ጥይቷንም እንደጎረሰች። ኔል ደግሞ መሳቢያ ካየች ሳትከፍት አታልፍም።

ሎርና የሶፋዎቹን ትራስ ገለበጠች፤ የስኳር ቆርቆሮውን አየች፤ ከአባቷ ፒክአፕ መቀመጫ ሥር ገብታ በቅባት ተለቃልቃ ወጣች። ልጇን እንደ ቦርሳ በአንድ ክንዷ ይዛ ከክፍል ክፍል ትዞራለች። እንግዶቹ የሐዘን ነገር እንዲህ ነው፣ ሰው ያቅበጠብጣል ተባባሉ። የእናቷ ጎረቤት ማክሲን የተጋገረ ድንችና ሥጋ ይዛ ገብታ፣ ሳህኑ እንዳይጠፋባት ስሟን ከሥሩ በፕላስተር ለጥፋ፣ በልተሻል ወይ ስትላት ሎርና ሳህኑን ተቀብላ ማስቀመጡን ትታ ማክሲን ከቆመችበት ቁም ሣጥን ጀርባ አጮለቀች።

ሁለተኛው ሽጉጥ የመጣበት ምክንያት ነበረው። ሎርና ድክ ድክ በምትልበት ዘመን ሆሊስና ታናሽ ወንድሙ ዌንደል አውራ ጎዳናው ዳር ነዳጅ ማደያ ነበራቸው። አንድ ከሰዓት ሁለት ሰዎች ገብተው መሣሪያ መዘዙ። ሆሊስም መዘዘ፤ አንዴ ተኮሰ፣ ቀለሃው ተቀረቀረ። እሱ ያንን ለማላቀቅ ሲታገል ዌንደል መደርደሪያው ላይ ተደፋ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ ሆሊስ ግን ሁለተኛ ዓይን ገዛ። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያንም፣ ጥርስ ሐኪም ቤትም፣ የልጁ ሠርግ ላይም የግራ እግሩን እንደታጠቀ ሄደ። ሎርና በሠርጓ ቀን ከአባቷ ጋር ስትደንስ ያ ብረት ቁርጭምጭሚቷን መትቶ አበለዘው። ለባሏ ምንም አላለችም። ለአባቷ ግን አለች፤ አባቷም ዳንስ ተማሪ ብሎ መለሰላት።

ሚያዝያ ላይ በስልክ ተጣሉ። ኔልን ይዛ ልትመጣ ነበር፤ ዋዜማው ላይ ልቧ እምቢ አላትና ደወለች፤ ወይ ሽጉጦቹ ወይ ልጅቷ፣ ምረጥ አለችው። ሆሊስ በዚህ ዕድሜዬ ትምህርት አይገባኝም አለና ዘጋ። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ይኸው ለሬሳው መጣች።

በሁለተኛው ቀን ትንሿ ሽጉጥ መጥፋቷ ታወቀና ወሬው መልክ ያዘ። እናቷ ኦፓል ባሏ ሁለቱንም ታጥቆ እንዲቀበር ለቀብር አስፈጻሚው ነግራው ነበር። ጥይታቸው ከወጣ ግድ የለም፣ የሬሳ ሣጥኑ የታች ክዳንም ስለሚዘጋ እግሩን የሚያይ የለም አላት። እኔ አውቀዋለሁ አለች ኦፓል፤ ሌላ አላለችም። እንግዲህ አምስት ጎራሿ ከሌለች ማን ወሰዳት? ሽጉጥ የምትጠላው፣ ከረጢቱን ለብቻዋ የከፈተችው፣ ከከተማ የመጣችው ናታ። ይህን የሚሉት ቡና ሲቀዱና ወረቀት ሳህናቸው ላይ ሁለተኛ ቁራጭ ሥጋ ሲያነሱ ነው። ሐዘን ሆድ አይዘጋም።

ኦፓል ልጇን ወደ ጓዳ ጠርታ በሩን ዘጋች።

“የት አደረግሽው?”

“እማዬ፣ እኔም እየፈለግሁት ነው።”

“ስትፈልጊ አይቻለሁ። የደበቀ ሰውም እንዲሁ ይፈልጋል።”

“ቤቱ ውስጥ ልጅ አለች እኮ።”

“አንቺም በዚህ ቤት ልጅ ነበርሽ። ጣትሽ ጎደለ?” ኦፓል ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። “ባዶ እግሩን እንዲሄድ አታድርጊው። ሠላሳ አራት ዓመት የተኛሁት ያንን ተማምኜ ነው።”

ሎርና ከጓዳ ስትወጣ አንድ ነገር ልብ አለች። ወንዶቹ ሁሉ ግምት ነበራቸው፤ አንዱ ጎተራው ውስጥ፣ አንዱ የመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ይላል። ግምት ያልሰጠው የአባቷ የልብ ወዳጅ ቨርጂል ብቻ ነው። ይህ ሰው ስለ ዝናብ እንኳ ከዝናቡ በፊት አስተያየት የሚሰጥ ነበር። አሁን እግሮቹን ከወንበሩ ሥር አጣጥፎ ይቀመጣል፣ እሷ ስትቀርበው ቡና ልጨምር ብሎ ይነሳል። ቡናው ደግሞ የሳህን እጣቢ የመሰለ ነው፤ ወዶ የሚጨምረው የለም።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰዉ ሬሳውን ሊሰናበት ወደ ቀብር አስፈጻሚው ቤት ሲሄድ፣ ሎርና መኪና ማቆሚያው ላይ ቨርጂልን ከመኪናው ሳይወርድ ያዘችው።

“አጎቴ ቨርጂል፣ እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ።”

ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ የግራ እግሩን ከመኪናው አውጥቶ ሱሪውን ሰበሰበ። አምስት ጎራሿ አዲስ አፎት ውስጥ ተቀምጣለች፤ እጀታዋ ላይ የአባቷ አውራ ጣት ያሟለጨው ቦታ ይታያል።

“ከሚያዝያ ጀምሮ እኔ ጋ ነች” አለ።

ሎርና የመኪናውን በር ያዘች። ልጇን ሦስት ቀን ሙሉ ወለል ላይ ሳታወርድ የዞረችው ለዚህ ነበር።

ቨርጂል የቀረውን ወደ መሪው እያየ ነገራት። የሆሊስ ቀኝ እጅ ከገና ወዲህ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቡና በግራው ይጠጣል፣ ፊርማውን ኦፓል ትፈርማለች፤ የአንጓ ቁርጥማት ነው ይላል። ኔል ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ልጅቷን ፒክአፑ ላይ አሳፍሯት ሊዞር አስቦ፣ ትንሿን ሽጉጥ ከእግሩ ፈትቶ መኪናው መሳቢያ ውስጥ ሊቆልፋት ሲያወጣ እጁ ውስጥ ባረቀችበት። ጥይቱ በተሳፋሪው በኩል ወለሉን በስቶ ወጣ።

“በቀጥታ እኔ ቤት መጣ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ያዝልኝ አለኝ። ብለምንህም፣ ብሰድብህም እንዳትመልስልኝ አለኝ። ማልኩለት። በጋውን ሁሉ በግራው በኩል ስሄድ ነበር፤ ልብ ያለኝ የለም።”

“አፎቱስ?”

“ባዶውን ያስራል። የሰው ሱሪ ገልቦ የሚያይ ማን አለ?”

“ያን ዕለት ነው የደወልኩለት። ለምን አልነገረኝም?”

ቨርጂል መሪውን ያዘ። “ብዬው ነበር። ‘እልኸኛ ሽማግሌ ትበለኝ፤ ደከመ ከምትለኝ’ አለ።”

አሁን ይስጡኝ፣ ሣጥኑ ውስጥ ልክተትለት ብላ ለመነችው። ሬሳም ቢሆን ሆሊስ ሆሊስ ነው፣ ምያለሁ አላት። እሷ ግን አልማለችም፤ ለኦፓል ልንገራት ካለች አይከለክላትም። ብቻ ኦፓል ግማሽ ዓመት ባዶ እግር ተማምና መተኛቷን ማወቅ አለባት ወይ፣ እሱን አንቺው ፍረጂ ብሎ ሱሪውን መለሰ።

ሎርና ወደ ውስጥ ገባች። እናቷ ከሬሳ ሣጥኑ ግራ፣ ራስጌው ዘንድ ቆማለች፤ ኔል ቀሚሷን ይዛለች። ሰዉ ተሰልፎ ከንፈሩን እየመጠጠ ያልፋል። ኦፓል የልጇን ፊት አየችና አንገቷን ዘንበል አደረገች።

“ተገኘ?”

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ሎርና ኩሩ ናት፤ በሐሰት መወቀስ ከልጅነቷ ጀምሮ ያንገበግባታል፣ ኩራቱንም ያወረሳት ሰው ሣጥኑ ውስጥ ተኝቷል። በሩ ላይ ቨርጂል ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል።

“አይገኝም” አለች። “ማክሰኞ ዕለት ከድልድዩ ላይ ወንዝ ውስጥ ወርውሬዋለሁ። ኔልን ፈርቼ ነው።”

ማክሲን ሰማች፤ ስለዚህ ከተማው ሰማ።

“እንግዲህ አንጀትሽ ቅቤ ጠጣ” አለች ኦፓል። “ሂጂ፣ በዚያ በኩል ቁሚ። ከጎኔ አትቁሚ።”

ሎርና ሣጥኑን ዞራ በቀኙ በኩል ቆመች። ሰልፈኞቹ እናትየዋን እያቀፉ፣ ወደ እሷ ግን ሳያዩ ያልፉ ጀመር። ፊቷን ወደ አባቷ መለሰች። ቀብር አስፈጻሚው የግራ እጁን በላይ፣ የቀኙን በታች አድርጎ አነባብሮለታል። ቀስ ብላ ግራውን አነሳችና ቀኝ እጁን ከሥሩ አወጣች። ጥፍሮቹ ተቆርጠዋል፤ ጣቶቹ ጸጥ ብለዋል። መዳፏን ከላዩ ላይ ጭና፣ ሊንቀሳቀስ የሚችል ነገር እንደሚይዝ ሰው፣ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ሰልፉ ቆሞ ጠበቃት፣ ማክሲን ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ሎርና አለቀቀችም።