የምንጩ ዘይት

አፈርሳታ የገባ ሰው ጥፋተኛው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ አይመለስም። በጃንሆይ ዘመን ደንቡ ይኸው ነበር። የስማዳ ገበሬም ከወገዳ በታች ባለው ሜዳ ተሰብስቦ ተቀምጧል። ገብሱ አውድማ ላይ ተከምሯል፣ ያለወቅቱ የመጣው ደመናም እየከበደ ነው። ሁሉም ሰማይ ሰማዩን ያያል።

ነገሩ የተነሳው በአያ ደምሌ ማሳ ውስጥ ካለው ምንጭ ነው። ክረምት ገደሉ ከተናደ ወዲህ ውሃው ላይ ቅባት ይንሳፈፍ ጀመር፤ ላምባ ላምባ ይሸታል። ቡሬ የሚባለው የደምሌ በሬ ከዚያ ጠጥቶ ሞተ። ደምሌ አንጀቱ አርሮ አቤት አለ። ጥፋተኛን በስውር የሚጠቁመውን ሰው አፈርሳታው «ወፍ» ይለዋል፤ ወፏም መሐሙድን ጠቆመች። መሐሙድ የወገዳ ገበያ ላምባ ሻጭ ነው። አህያውን ከምንጩ አጠገብ ማሳረፉን አልካደም፤ ላምባ ግን አልደፋሁም አለ። ማን ይመነው? ከተፈረደበት ከነልጆቹ አገር ለቆ ይሄዳል።

በዚህ መሀል ሞላ የሚባል የመንግሥት የድንጋይ መርማሪ በበቅሎ ሲያልፍ ደረሰ። ምንጩን አሽትቶ፣ ይህ ከምድር ሆድ የወጣ ዘይት ሊሆን ይችላል አለ። ዘይት ውስጥ አሮማቲክ የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ እሱ በያዘው፣ ለዓይን የማይታይ ጨረር በሚረጭ መብራት በጨለማ ሲመቱ ያበራሉ። ተጣርቶ የመጣው የገበያ ላምባ ሰማያዊ ያበራል፤ በዓለት ውስጥ ሲጓዝ የኖረው፣ ቀላል ቀላሉን ውሃ ያጠበበት፣ ወደ ቡናማ ያደላል። ምን እንደደረሰበት ቀለሙ ይናገራል ሲል አስረዳ። አንድ ነገርም አልሸሸገም፤ የምድር ከሆነ መንግሥት ቦታውን ከባለርስቱ ወስዶ፣ አጥሮ ያስቆፍራል።

ሽማግሌዎቹ የእንግዳ ቃል አንቀበልም አሉ። ሞላም የባትሪ ድንጋዩ ሊያልቅ ነው፣ አንድ ሰው አንዴ ቢያይበት ነው፤ የምታምኑት ሰው ይይ፣ እኔም የሱን ቃል ይዤ እሄዳለሁ አለ። የሁሉም ዓይን ደምሌ ላይ አረፈ። በሐሰት ምሎ አያውቅም።

ደምሌ ተንበርክኮ፣ ጨለማ እንዲሆንለት ጋቢ ተከናነበ። ወረቀት ላይ ሁለት ጠብታ አለ፣ በቀኝ የመሐሙድ ላምባ፣ በግራ የምንጩ። መብራቱን ጫነው። በቀኝ ሰማያዊ ብልጭ አለ። በግራ የደፈረሰ ጠላ የመሰለ ቡናማ ታየው፤ ወዲያው ጨለመ።

ከጋቢው መውጣት አቃተው። አንድ ናቸው ቢል የሚያስተባብለው የለም። ርስቱ ይተርፋል፣ የአባቱ ማሳ፣ እትብቱ የተቀበረበት። የቡሬም ደም ይመለሳል። ፈራ፤ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ከውጭ የመሐሙድ ትንፋሽ ይሰማዋል።

«አያ ደምሌ፣ ያዩትን ይናገሩ» አለ መሐሙድ ቀስ ብሎ።

ደምሌ ጋቢውን ገፎ ተነሳ። «ሚካኤልን፣ ሁለት ናቸው። ወፏ ተሳስታለች። እኔም ተሳስቻለሁ።»

ሜዳው ላይ የነበረው ሕዝብ ዝናቡ ሳይቀድመው ወደየአውድማው ተበተነ። መሐሙድ ግን አልሄደም፤ የደምሌን ገብስ ሊያነሳ ወደ ክምሩ ሮጠ። ሞላ ጠርሙሱን ከምንጩ ሞልቶ ከደነና ቦታው የማን እንደሆነ ጠየቀ።

ደምሌ ማሳውን ዞሮ አየው።

«እስከ ዛሬ የኔ ነበር» አለ።