ዓባይነህ ዲጂታል

ዓባይነህ ማሽኑን የገዛው አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃውን ሸጦ ሊዘጋ ካለ ማተሚያ ቤት ነው። ይሠራል ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሻጩ «በደንብ ይሠራ ነበር» አለው። ዓባይነህ «በደንብ» የምትለዋን ይዞ ወደ ሰበታ ተመለሰ።

ማሽኑ በአይሱዙ ተጭኖ ጅማ መንገድ ዳር ካለችው ሱቁ ደጃፍ ሲወርድ ሰፈርተኛው ሥራውን ትቶ ከበበው። ግራጫ ነው፤ አግዳሚ ወንበር ያህላል፤ በሁለት እግሩ ቆሞ ከላይ የምትንሸራተት ምላጭ ይዟል። አንዱ የልብስ መተኮሻ ነው አለ፣ ሌላው የሬሳ ማጠቢያ። ዓባይነህ ሁሉንም በትዕግሥት አስተማራቸው።

«ፕሎተር ይባላል። ኮምፒውተሩ ላይ የጻፍከውን ስቲከር ላይ ራሱ ቆርጦ ያወጣልሃል። እጅ አይነካውም።»

«እጅ አይነካውም» የምትለውን በዚያ ሳምንት ለሰላምታ ያህል ደጋገማት። ይህን የሚለው ግን የሰበታን ሥጋ ቤቶች በሬ በሙሉ በብሩሽ የሣለ፣ የመድኃኒት ቤቱን እባብና የፀጉር ቤቱን ወይዛዝርት ያሳመረ፣ ስቲከር በምላጭ ሲቆርጥ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነው። «ሠዓሊ ዓባይነህ» የሚለውን አሮጌ ሰሌዳ አውርዶ «ዓባይነህ ዲጂታል» የሚል ሰቀለ። አዲሱን ሰሌዳም የጻፈው በብሩሽ ነበር፤ ማሽኑ ገና ከኮምፒውተሩ ጋር አልተገናኘም።

ያስቸኮለው የሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበር ነው። ማኅበሩ እያንዳንዱ መኪና የጎን ቁጥሩንና መስመሩን በቁቤም በአማርኛም እንዲለጥፍ ወስኗል፤ ጽሑፉ «በማሽን የተቆረጠ ብቻ» መሆን እንዳለበትም በደንቡ አስገብቷል። ሊቀመንበሩ ኦቦ ቶሎሳ ዕድሜያቸውን በመሪ ላይ የጨረሱ አዛውንት ናቸው፤ የሰው እጅ አያምኑም። ሥራውን ሊያገኝ የሚችለው ወይ ዓባይነህ ነው፣ ወይ ከመንገዱ ማዶ አዲስ ፕሎተር ያለው ሙሄዲን። ዓባይነህ ደግሞ ሥራውን እንዳገኘው አድርጎ ለሰበታ ሁሉ አውርቶ ጨርሷል። ቢያጣው በዚያ መንገድ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚሄድበት ፊት አይኖረውም።

ችግሩ መሰኪያው ላይ ነበር። ማሽኑ ከኋላው ብዙ ቀዳዳ ያለው ሰፊ አፍ አለው፤ የዓባይነህ ላፕቶፕ እንዲህ ያለውን አፍ አይቶ አያውቅም። ሁለቱን የሚያስታርቅ ገመድ ከመርካቶ ተገዛ። ሲሰካ ላፕቶፑ ጮኸ፤ ፕሎተሩ ግን እንደ ሙሽራ ዝም አለ።

«ዓባይዬ፣ ተግባቡልህ?» ሙሄዲን ከማዶ ጠየቀ።

«እየተዋወቁ ነው።»

«አታጣድፋቸው። እኛም በአንድ ቀን አልተጋባንም።»

መጀመሪያ የተጠራው ሞባይል ጠጋኙ አማኑ ነበር። ፕሎተሩን ዞሮም አላየው። ላፕቶፑን ገልጦ ጥቂት ነካካና «ይሄ ፎርማት ይፈልጋል» አለ። ፎርማት ተደረገ። ላፕቶፑ ሲመለስ የአማርኛው ፊደል በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኗል፤ የደንበኞቹ ዲዛይንም አንድ ሳይቀር ጠፍቷል። ፕሎተሩ ያው ዝም ነው።

ቀጥሎ ከቡራዩ ኢንጂነር ሉቃስ መጣ። ኢንጂነር ማን እንዳደረገው አይታወቅም፤ ከረባቱ ግን ጥርጣሬ አያስገባም። የታሸገ ውኃ አስመጥቶ ማሽኑን እንደ ታማሚ ሲያየው ቆየ።

«ማን ነው ፎርማት ያደረገው?»

«አማኑ።»

«ገምቻለሁ» አለና ራሱን ነቀነቀ። «ፎርማት አደራረጉን አያውቅበትም።»

እሱም ፎርማት አደረገው። ሲወጣ ግን ባዶ እጁን አልተወውም፤ ሱሉልታ ልክ እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው እንዳለ ነገረው። ዓባይነህ ከሚኒባስ ሚኒባስ እየቀየረ ሱሉልታ ደረሰ። ሰውየው ደግ ነበር፤ ሳሎኑ አስገባው። ፕሎተሩ ዳንቴል ለብሶ፣ ቴሌቪዥን ተሸክሞ፣ በግራና በቀኙ የፕላስቲክ አበባ ቆሞለታል።

«ይቅርታ፣ እርስዎ ከምን ጋር ነው ያገናኙት?»

«ከግድግዳው ጋር አጣብቀነዋል» አለ ሰውየው። «ልጆቹ እየገፉ አስቸገሩን።»

ኦቦ ቶሎሳ ናሙና ለማየት በሚመጡበት ዋዜማ ዓባይነህ ትዕግሥቱ አለቀ። በንዴት የማሽኑን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ ማብሪያውን ሲመታው ፕሎተሩ ዘሎ ተነሣ። ምላጯ ግራ ቀኝ ተንሸራተተች፤ ሲጥ ሲጥ፣ እዝዝ የሚል ዜማ አወጣችና ስቲከሩ ላይ አንድ ሳጥን፣ በሳጥኑ ውስጥ ክብ ቆርጣ ቆመች።

«ጣቢታ፣ ነይ። ተገናኘ።»

ሚስቱ ጣቢታ ከሱቁ ፊት ለፊት ነው የምትቀመጠው፤ ደንበኛ ትቀበላለች፣ ከተቆረጠ ስቲከር ትርፍራፊውን በወረንጦ ትለቅማለች። መጥታ ሳጥኑን አየች፣ ክቡን አየች፣ ከዚያ ጠረጴዛውን አየች።

«ኮምፒውተሩ እኮ ጠፍቷል» አለችው።

ዓባይነህ ዞሮ አየ። እውነቷን ነው። ማሽኑ ራሱን እየፈተሸ ነበር፤ የማንንም ትእዛዝ አልሰማም። በዚያች ቅጽበት ግን አንድ ነገር ገባው። ማሽኑ የታዘዘውን ባይቆርጥም መዝፈን ይችላል።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ መሐል ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሎ ነበር።

ኦቦ ቶሎሳ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። «አካም ጅርታ፣ ዓባይነህ። የታል ጉደኛው?»

«ይግቡ ኦቦ፣ ይቀመጡ። ከመጋረጃው ወዲያ ነው። አቧራ አይወድም፤ የሰው ትንፋሽም ያበላሸዋል።»

«እንዴት ያለ ቅምጥል ነው።»

«የጃፓን ነው።»

ይህ ሽማግሌውን አሳመነ። ዓባይነህ መጋረጃውን ለአፍታ ገለጥ አድርጎ ምላጯ ስትሮጥ አሳያቸውና ዘጋው። ከዚያ ወገቡን አጥፎ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ በእጁ ምላጭ መቁረጥ ጀመረ። ማሽኑ ሳጥንና ክብ ቆርጦ በቆመ ቁጥር በክርኑ እንደገና ያስነሣዋል። ሲጥ ሲጥ፣ እዝዝ። ጣቢታ ፊት ለፊት ሆና ለሽማግሌው ለስላሳ ከፈተችላቸው፤ ፊቷ ላይ ምንም የሚነበብ ነገር አልነበረም።

«ሰበታ – አየር ጤና» የሚለው ወጣ። ኦቦ ቶሎሳ መነጽራቸውን አድርገው ፊደል በፊደል መረመሩት። የሰበታ «ሰ» ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ቆማለች፤ የ«ጤ» ቀለበት እንደ እንቁላል አስኳል ክብ ነው።

«ጋሪ ዳ» አሉ በኦሮምኛ እያደነቁ፤ ከዚያም ለጣቢታ በአማርኛ አከሉ። «አየሽ፣ ሰው እንዲህ አይችልም። ሰው ሐሳብ አለበት፤ እጁ ይሄድበታል።»

ሥራው ተሰጠ። ዓባይነህ ዲጂታል በእጁ መሥራት ጀመረ።

ድሮ የእጅ ሥራውን የሚሠራው ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቀ፣ ከአላፊ አግዳሚው ጋር እየቀለደ ነበር። አሁን ያንኑ ሥራ መጋረጃ ውስጥ፣ በአምፖል፣ አፉን ዘግቶ፣ አንድ ክርኑ ማሽን ላይ ሆኖ ይሠራዋል። ጎኑን ያመው ጀመር። ዓይኑ ደፈረሰ። ጣቢታ አንድ ቀን ሻይ ስታቀብለው «የድሮ ሥራህ እኮ ነው፤ ጀርባህን የሚያጎብጠው ግን አዲሱ ነው» አለችው።

ሚኒባሶቹ አንድ በአንድ አሸብርቀው ወጡ፤ ምስጋናውም እግራቸውን ተከትሎ ሱቁ ድረስ መጣ። «ማሽን ከገዛህ ወዲህ ሥራህ ሥራ ሆነ» አለው አንድ ሾፌር በቅንነት። «ድሮማ በእጅህ ስትሠራ፣ እንዳይከፋህና፣ ፊደሎችህ የሰከሩ ይመስሉ ነበር።» ሾፌሩ የተደገፈው በር ላይ ያለው ጽሑፍ የዓባይነህ የድሮ ሥራ ነበር፤ አንዲት ፊደል አልተዛነፈችም። ዓባይነህ አመሰገነው።

ያልተሞኘው ሙሄዲን ብቻ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ መንገዱን ተሻግሮ መጋረጃውን ሳይነካ ቆሞ አዳመጠ።

«ዓባይዬ፣ የኔዋ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ሌላ ዜማ ነው የምታወጣው። ያንተዋ ከአንድ ዘፈን ሌላ አታውቅም እንዴ?»

ምላጩ ቆመ። «የድሮ ዘፋኝ ናት» አለ ዓባይነህ ከውስጥ።

ሙሄዲን ሳቀና ሄደ። ለማንም ግን አልተናገረም፤ ለምን እንዳልተናገረ ዓባይነህ ሲያስብ እንቅልፍ አጣ።

ከዚያ የእህቱ ልጅ ሄመን ገላን ካለው መጋዘን ለዕረፍት መጣች። እዚያ የዕቃ መለያ የሚያትም፣ ዕድሜው ከፕሎተሩ የማይተናነስ ማሽን ላይ ነው የምትሠራው። አጎቷን መጋረጃ ውስጥ ጎብጦ ስታገኘው ምን እንደሚሠራ አልጠየቀችም፤ የማሽኑን ትንሽ መስኮት አበራችና ቁጥሮቹን አነበበች።

«አጎቴ፣ ይሄ በአንድ ፍጥነት ይሰማል፣ ላፕቶፑ በሌላ ፍጥነት ነው የሚያወራው። በየት ይግባቡ? ፎርማት ስታደርጉ ነው የከረማችሁት?»

«ባለሙያዎች ናቸው ያደረጉት።»

«አይ ባለሙያ» አለችና ሁለቱን ቁጥር እኩል አደረገቻቸው። የጠፉትን ፊደሎች መልሳ ጫነች። «ሰበታ» ብላ ጽፋ ላከች። ፕሎተሩ ዓባይነህ ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ እያዜመ «ሰበታ»ን ቆረጠ።

ዓባይነህ ተቀመጠ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ያን ቀን መጋረጃውን ገልጦ፣ እጁን አጣምሮ፣ ማሽኑ የሦስት ሚኒባስ ጽሑፍ ሲቆርጥ እንደ ባለሥልጣን ቆሞ አየ። የማሽኑ ምላጭ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ትንሽ ይንሸራተታል፤ የ«ሰ» እግሮች ጫፋቸው ላይ ጠውለግ አሉ፣ የ«ጤ» ቀለበት ዳር ዳሩን ተበላ። ዓባይነህ አይቶ እንዳላየ አለፈው። ማሽን ነው፤ ማሽን አይሳሳትም።

ኦቦ ቶሎሳ ሲመጡ ሄመን ወደ ገላን ተመልሳለች። ሽማግሌው ከአንዱ ሚኒባስ ያስላጡትን ስቲከር በካርቶን ላይ ለጥፈው ይዘዋል። ሙሄዲንም ሱቁ ውስጥ ነበር፤ ወረንጦ ሊዋስ ነው የገባው።

«ዓባይነህ፣ ምነው? እጅህን አስገባህበት?»

«የቱ ላይ ነው ኦቦ?»

«ይሄ ላይ።» ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «ያ የመጀመሪያው እንደ ማሽን ነበር። ይሄ የእጅ ነው። እይ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ። ተማምነን ስንተውህ አታለልከን።»

ዓባይነህ ካርቶኑን አየ። ከመጋረጃው ጀርባ የከረመበት፣ የጎኑ ውጋት፣ የሾፌሩ ቅንነት ሁሉ ተሰብስቦ መጣ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ይሄ የማሽን ነው። ያ የወደዱት ነው የእጅ። በነዚህ በእጆቼ ነው የቆረጥኩት።»

ሽማግሌው ሁለቱን እጆች አዩ። ጣቶቹ ቀለም የጠጡ፣ ጥፍሮቹ የተሰነጣጠቁ ናቸው። ሳቅ አሉ።

«ተው እንጂ ልጄ። ሙሄዲን፣ ና፣ አንተ ማሽን ታውቃለህ።» ከኪሳቸው የመጀመሪያውን ናሙና አወጡ። «ይሄ የምንድን ነው?»

ሙሄዲን ናሙናውን ወደ ብርሃን አነሣው። ረጅም ጊዜ አየው። «የእጅ ነው» ካለ ሥራው የሙሄዲን ነው፣ ስሙ ግን የዓባይነህ። ዓባይነህ እንዲለው ፈለገ። እንዳይለውም ፈለገ።

«ማሽን ነው» አለ ሙሄዲን ቀስ ብሎ። «እንዲህ ያለ እጅ አልተፈጠረም።»

በሕይወቱ ሙሉ ሲጠብቀው የነበረ ምስጋና ነው፤ ሲመጣ ደግሞ ለግራጫ ብረት ተሰጠ።

«ሰማህ?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። «እጅ ነው ካልክም መብትህ ነው። ደንባችን ግን ማሽን ይላል፤ እጅ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ሙሄዲን እናዞረዋለን። በል ንገረኝ፣ የማሽን ነው የእጅ?»

ምላጩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንሥቶ ዓይናቸው እያየ አንዲት «ሰ» ቢቆርጥ ያበቃል። ዓባይነህ ምላጩን አየው፣ ጣቢታን አየ። ጣቢታ ወረንጦዋን አስቀምጣ ትጠብቃለች፤ ምን እንደምትመኝ ዛሬም ፊቷ አልነገረውም።

«ስቀልድ ነው ኦቦ» አለ። «የማሽን ነው። ሰሞኑን ምላጩ ደንዝዞብኝ ነበር። አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ።»

«እንዲህ በል እንጂ።»

ጣቢታ ወረንጦዋን መልሳ አነሣች።

ሽማግሌው ሲወጡ ሙሄዲን አልወጣም። የተዋሰውን ሌላ ወረንጦ እያገላበጠ በሩ ላይ ቆየ።

«ስማ ዓባይዬ፣ የኔዋ አዲስ ናት፣ ግን ደቃቅ የአማርኛ ፊደል ላይ ስትደርስ ትቀደዋለች። ደንበኛ ሁሉ እየመለሰብኝ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጥቂት ሥራ ባመጣልህ፣ ያንተ ማሽን ጊዜ ይኖራት ይሆን?»

ዓባይነህ መጋረጃውን ዘርግቶ ከኋላው ገባ። አምፖሉን አበራ። የመርካቶውን ገመድ ከላፕቶፑ ነቀለው።

«ጠይቄያት እነግርሃለሁ» አለ፤ ክርኑንም ማብሪያው ላይ አሳረፈ።