በቀይ የተጻፈች «ይታያል»

ጋሽ ካርታ ከጠዋት ጀምሮ መኪናዋን አራት ጊዜ ዞሯታል። ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ዘይቱን አየ፣ የዕቃ ማስቀመጫውን ከፍቶ ዘጋ። ጉዞው ነገ ማለዳ ነው፤ የእሱ ልብ ግን ከወጣች ሰነበተች። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሲያስተምር ያንን የተራራ ሰንሰለት ሰሌዳ ላይ ስንቴ እንደሣለው ራሱም አያውቀውም፤ ተማሪዎቹ ስሙን ያወጡለትም ለዚሁ ነው። በእግሩ ግን አንድም ቀን አልረገጠውም። አሁን ጡረታ ወጣ፣ አሮጌ መኪና ገዛ፣ መንገዱም አስፋልት ለበሰ፤ ሰበብ አለቀ።

ሚስቱ ለስንቅ የሚሆን ዳቦ እየጠቀለለች ስለ ጠመዝማዛው መንገድ፣ ስለ ፏፏቴው፣ ደመና ከእግር በታች ስለሚተኛበት ገደል ሰው የነገራትን ሁሉ ታወራለታለች። እሱ በግማሽ ጆሮው ነው የሚሰማት። ፏፏቴው ምን ይፈይድለታል? እሱን የሚያቁነጠንጠው መንገዱ ተራራውን የሚሻገርበት የመተላለፊያው አናት ነው። እዚያ ቆሞ ቁልቁል ማየትና ሐይቁን ማጣት ይፈልጋል። ሰው ሁሉ ሊያይ ይሄዳል፤ እሱ ላለማየት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተማሪዎቹ መጽሐፍ «ከመተላለፊያው አናት ላይ ሐይቁ ይታያል» ይላል። ጋሽ ካርታ የከፍታ መስመሮቹን ቆጥሮ፣ መሀል ላይ ጉብታ እንዳለ አረጋግጦ፣ አይታይም አለ። ብሎም አልቀረ፤ መጽሐፉ ይታረም ሲል ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሁለት ገጽ ጻፈ። ዳይሬክተሩ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነበር። ደብዳቤው በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ቃል ሰፍራለች፤ «ይታያል»። ከሥሯ ፊርማ።

ሁለት ገጽ ማስረጃ በአንዲት ቃል። ካርታ ማንበብ የማይችል ሰው ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ብቻ ጉብታ ይደመስሳል፣ ሐይቅ ያንቀሳቅሳል። ጋሽ ካርታ ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቹን አላናገረውም። አሥራ ሁለት ዓመት። የሴት ልጁ ሠርግ ላይ እንኳ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ተቀምጠው፣ ሚስቱ መሀል ላይ እንደ ድንበር ጠባቂ ቆማ ዋለች።

ነገ ግን ያበቃል። ሐይቅ የሌለበትን ገደል ፎቶ አንስቶ፣ በትልቁ አሳትሞ፣ የሰውየው ጠረጴዛ ላይ ይጥልለታል።

ለአምስተኛ ጊዜ ወደ መኪናዋ ሲጣደፍ፣ ለምስክርነት የያዘው ደብዳቤ ከኪሱ ወደቀ። ሚስቱ አነሳችው። ወረቀቱን በዓይኗ ስታየው ገና የመጀመሪያዋ ነው፤ ያን ጊዜ የነገራት «ወንድምሽ ናቀኝ» ብሎ ብቻ ነበር። አነበበችና አቀረቀረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ። እየሳቀች ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ የጡረታ ማመልከቻህ ላይ ምን ብለው ነበር የጻፉልህ?»

«‹ይታያል› ነዋ። ስምንት ወር አመላለሱኝ።»

«ምኑ ነበር የሚታየው?»

«ማመልከቻው ነዋ፤ እናስብበታለን ለማለት...» አለና አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

አማቹ ስለ ሐይቁ አንዳች አልተናገረም። «ደብዳቤህ ይታያል» ብሎ ጉዳዩን ለሌላ ቀን አሳደረው እንጂ።

ጋሽ ካርታ ተናደደ፤ የሚናደድበት ግን አጣ። በአማቹ እንዳይናደድ ሰውየው ምንም አላለ፤ በራሱ እንዳይናደድ አልለመደበትም። ስለዚህ በቃሏ ላይ ወረደባት። ይህች የሰነፍ ቢሮ መደበቂያ፣ ስንቱን ባለጉዳይ በር ላይ ያስረጀች ቃል! «መርምሬ እመልስልሃለሁ» ብሎ የሚጽፍ ሰው እጁ ይቆረጣል?

«ደውልለት» አለችው ሚስቱ።

መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት። ደግሞ ዞራት። ከዚያ ደወለ፤ ሰላምታም አላስቀደመ።

«ነገ ተራራውን ልናቋርጥ ነው። የኋላ ወንበሩ ባዶ ነው።»

ከወዲያ ማዶ ሳል ተሰማ።

«ጉልበቴ እንኳ እንደ ድሮው አይደለም» አለ አማቹ ቀስ ብሎ። «እስቲ ይታያል።»

የጋሽ ካርታ ደም ፈላ። «የለም፣ እሷን ቃል አትድገማት። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?»

«አይ መምህር፣ ቁጣህ እንዳለ ነው» አለ ሰውየው፤ ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበር። «በስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በርህ ላይ ነኝ። እንዳታስጠብቀኝ።»

«ሐይቁ ግን አይታይም» ሊል ነበር፤ ምላሱን ነከሰ። ስልኩን ዘግቶ፣ ከኋላ ወንበሩ ላይ ብርድ ልብሱንና ጃንጥላውን አንስቶ፣ ዳቦ ጨምሪ ሲል ወደ ቤት ተጣራ።