ጫፉ ከማረፉ በፊት

እናቴ የሰማይ መዲና የሚባለውን ጫፍ ለመውጣት የጠበቀችው ባለትዳር ሆና የኖረችውን ዘመን ያህል ነው። ቤታችን ከኋንግሻን ተራራ ሥር ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን ልብስ ስታሰጣ ጫፉ ከጣሪያዎቹ በላይ ይታያታል። ከሻንጋይም ከቤጂንግም የመጣ ሰው ወጥቶት፣ ፎቶውን ተነስቶ፣ አውቶቡሱን ተሳፍሮ ይሄዳል። እሷ የጫፉ በር ጠባቂ ሚስት ሆና አንድ ቀን እንኳ አልወጣችውም።

ምክንያቱ አባቴ ነው፤ አላድበሰብሰውም። ተራራችን ላይ ሁለቱ ትልልቅ ጫፎች ተራ በተራ ያርፋሉ። የሎተስ ጫፍ ሲከፈት የሰማይ መዲና ይዘጋል፤ አፈሩና ዛፉ እንዲያገግም ለዓመታት የጎብኚ እግር አይረግጠውም። አባቴ ፋንግ ሾውረን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የዚያ በር ጠባቂ ነበር። ገና በተጋቡ ሰሞን እናቴ ምሳውን ቋጥራ፣ ያኔ ኬብል ካር የሚባለው የገመድ መጓጓዣ የለም፣ ተራራውን በእግሯ ወጥታ በሩ ላይ ደረሰች። "እዚህ ድረስ ከመጣሁ አይቀር ጫፉን አሳየኝ" አለችው። እሱ ባልደረቦቹ እያዩት "ተዘግቷል፤ ጫፉ እያረፈ ነው" ብሎ መለሳት። ምሳውን ግን ተቀብሏታል። እናቴ ይህን ሁልጊዜ እየሳቀች ነው የምታወራው፤ እኔ ግን ሳቋን አምኜው አላውቅም።

ከዚያ በኋላማ ነገሩ ሁሉ እንቢ አለ። ጫፉ ሲከፈት የሻይ ቅጠል ለቀማ ይደርሳል። ለቀማው ሲያልቅ ከእኔና ከወንድሜ አንዳችን እንታመማለን። እኛ ስናድግ ጫፉ ተመልሶ ይዘጋል። ዘንድሮ ደግሞ ጉልበቷ ተራውን ያዘ። ሐኪሙ የራጅ ፎቶዋን ብርሃን ላይ ዘርግቶ አየና "ከእንግዲህ ደረጃ የሚባል ነገር ይርሱ" አላት። በዚያው ሰሞን ጫፉ ሊዘጋ መሆኑ ተነገረ። የመጨረሻው ቀን ጠዋት ስነሳ እናቴ የስፖርት ጫማዋን አጥልቃ፣ በሻይ የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል ይዛ የቤታችን በር ላይ ቆማለች።

"ሐኪሙ ምን አለሽ?" አልኳት።

"ሐኪሙ ከነገ ጀምሮ ነው ያለኝ።"

"እንደዚያ አላለም።"

"እኔ እንደዚያ ነው የሰማሁት። ነይ፣ ያንን ሰውዬ ቀስቅሺው።"

አባቴን ቀስቅሼ ሦስታችን ሄድን። የኬብል ካሩ ሰልፍ ብዙም አላቆየንም፤ የእናቴም ጉልበት ቢሆን፣ በጎን በጎን እየረገጠች፣ የደረጃውን መደገፊያ ሰንሰለት እየያዘች፣ ደህና ተራመደች። ያቆየን አባቴ ነው። ሰውነቱ ጡረታ ወጥቷል፤ ዓይኑ ግን ጡረታ አልወጣም። አንዲት ሴት የኪያር ልጣጭ ስትጥል አየ፤ አነሳና እስከ መታጠፊያው ተከትሏት ሄዶ መልሶ በእጇ አስያዛት። የድንጋዩ አጥር ላይ ልጃቸውን አቁመው ፎቶ የሚያነሱ ባልና ሚስት አገኘ፤ ልጁን አስወረደ፤ ሳይበቃው ቆሞ መከራቸው። ቀጥሎ ከጥድ ዛፍ ሥር ሲጋራ በአፉ ይዞ ኪሱን የሚዳብስ ጎልማሳ መጣልን።

"ወንድሜ፣ ላይተሩን ወዲህ በል።"

"አንተ ማነህ?"

"ማንም አይደለሁም። ላይተሩን።"

"ዩኒፎርም እንኳ የለህም እኮ።"

"አንተስ ጭንቅላት የለህም፤ እኔ አንድ ነገር ተናገርኩህ?"

ጠቡ ተጀመረ። የሰውዬው ሚስት ገባችበት፤ አላፊ አግዳሚው ቆመ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ወደ ጫፉ የሚያስገባው በር ከሰዓት በኋላ ይዘጋል፤ የወጣው ሰው ሳይመሽ መውረድ አለበት።

"አባዬ፣ እማዬ እየጠበቀችህ ነው" አልኩት።

"ጥድ ከተቃጠለ አይተካም።"

"እማዬስ?"

እሱ እጁን ወደ ሰውዬው እንደዘረጋ ነው። እናቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንቁላሏን ትልጣለች። "ተይው ልጄ" አለችኝ። "ይህ ሰው ሲሞት እንኳ ሬሳውን የተሸከሙትን 'ቀኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ' ማለቱ አይቀርም።" ሰው ሳቀ፤ ሲጋራ ያዡም ሳቀና ላይተሩን ሰጠ። አባቴ እንደ ሜዳሊያ ኪሱ ከተተው።

በሩ ላይ ስንደርስ ተቆልፏል። የቆለፈው ደግሞ ባኦ ቲንግዌ ነው፤ አባቴ ራሱ ያሠለጠነውና "ትንሹ ባኦ" እያለ የሚጠራው ልጅ። ዛሬ እንኳን ትንሽ፣ ቦርጭ ጀምሮታል።

"መምህር ፋንግ፣ እትዬ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ" አለ ባኦ። "ምነው ትንሽ ቀደም ብትሉ? አሁን ነው የዘጋሁት። እንግዲህ የሚከፈተው ከስንት ዓመት በኋላ ነው።"

እናቴ የበሩን ብረት ያዘችና ቀና ብላ አየች። ደረጃው ከበሩ ጀምሮ ገደሉን ተደግፎ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከላይ የዓሣ ጀርባ የሚሉት ሹል ድንጋይ አለ፤ የመጨረሻዎቹ ጎብኚዎች ቀያይና ቢጫ ጃኬታቸውን ለብሰው ከዚያ ላይ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። እስኪበቃት አየች። ከዚያ "እሺ" አለች።

ያ "እሺ" አንጀቴን በላው። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ ብትሳደብም ይሻለኝ ነበር። ወደ አባቴ ዞርኩ። "ደስ ይበልህ" አልኩት፣ "ላይተርህን ይዘህ ቤትህ ግባ።" እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም ነበር።

አባቴ ቆቡን አወለቀ። ባኦ ፊት ቆሞ ቆቡን በሁለት እጁ ያዘ።

"ትንሹ ባኦ፣ አንድ ነገር ልለምንህ።"

ይህ ቃል ከአባቴ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ደመወዙ ሲዘገይ አለመነም፤ ወንድሜን ሥራ ለማስገባትም አለመነም።

"ሚስቴ ናት" አለ። "ጉልበቷ አልቋል። ሌላ ጊዜ ሲከፈት መውጣት አትችልም። የዘገየችው በእኔ ምክንያት ነው። ልጄ ትያዛት፣ እኔ እዚህ እቀራለሁ። እሷን ብቻ አስገባልኝ።"

ባኦ ሰማው፤ ሰማውና ፊቱ በሳቅ ተሞላ።

"መምህር፣ በዚህኛውስ አልሸወድም።"

ለካ አባቴ አዳዲስ ጠባቂዎችን የሚፈትነው እንዲህ ነበር። የሲቪል ልብስ ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ የተዘጋው በር ላይ መጥቶ ይለምናቸዋል። አንድ ቀን ማግስቱን ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ይሆናል፤ ሌላ ቀን የታመመ። የከፈተለት ወድቋል።

"እኔን 'እናቴ ልትሞት ነው፣ ከጫፉ ላይ ልጸልይላት' ብለው አልቅሰው አስከፈቱኝ" አለ ባኦ ወደ እኔ ዞሮ። "ለቅጣት ክረምቱን ሙሉ የደረጃ በረዶ ስጠርግ ከረምኩ። ዛሬ ደግሞ ጭራሽ እትዬን ይዘው መጡ? ጡረታም አላስተዎትም?"

"ይሄ ፈተና አይደለም፣ ባኦ።"

"ያኔም እንዲሁ ነበር ያሉኝ።"

"እውነቱን ነው" አልኩ እኔ።

"አንቺንም አስጠንተውሽ ነው፣ እህቴ። ግን ጎበዝ ናችሁ። እትዬማ ዓይናቸው እንባ ያቀረረ ነው የሚመስለው።"

አባቴ ምን ብሎ ያሳምነው? የሚያሳምኑትን ቃላት ሁሉ እዚያው በር ላይ ለቀልድ ጨርሷቸዋል። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ቆቡን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። በአያቴ ቀብር እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም። ተናድጄበት እንደነበር ያኔውኑ ጠፋብኝ፤ አሳዘነኝ።

ሳቁ ከባኦ ፊት ላይ ቀስ እያለ ሄደ። አባቴን አየ፣ እናቴን አየ፣ ከዚያ ወገቡ ላይ ያለውን ቁልፍ ፈታ።

"እትዬ፣ ይቅርታ። አላወቅሁም፤ ያኔ ፊታቸውን እያሳዩኝ ነበር ያለቀሱት" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በሩን እየከፈተ። "ቶሎ ብለው ይግቡ። እኔ ራሴ ይዤዎት እወጣለሁ፤ የሚመጣውን ነገር እኔ እችለዋለሁ።"

በሩ ተከፈተ። የመጀመሪያው ደረጃ እናቴ እግር ሥር ነው። ክንዷን ያዝኩላት። እሷ ግን እጄን አስለቀቀችኝና በሩን ራሷ ስባ ዘጋችው።

"ቆልፈው" አለችው ባኦን።

"እማዬ፣ ምን ሆነሻል?"

"ቆልፈው፣ ልጄ።" ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። "አንተ ሰውዬ፣ ቀና በል። ያን ቀን ስትመልሰኝ ተራራው ማረፍ አለበት አልከኝ። አመንኩህ። ስንት ዓመት አመንኩህ። ዛሬ ስላለቀስክ የሚከፈት ከሆነ ያን ቀንም መክፈት ትችል ነበር ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ያ ሁሉ ዓመት የት ገባ? ይዘጋ። ያልከኝ እውነት ሆኖ ይቅርልኝ።"

ባኦ ቆለፈው። እናቴ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ አባቴ አጠገብ ተቀመጠች። ሰዎቹ እየወረዱ በመውጫው በኩል አለፉ፤ ደመናው ከሸለቆው ተነስቶ ደረጃውን መሸፈን ጀመረ።

"እውነት ነው" አላት በመጨረሻ። "ላዩ ያርፋል። አይቼዋለሁ።"

"ምን ያደርጋል ሲያርፍ?"

"መጀመሪያ ምንም የለም፤ የሰው ድምፅ ብቻ ይጠፋል። ቀጥሎ በደረጃው ስንጥቅ ውስጥ ሣር ይበቅላል። የጥዱን ሥር የሰው እግር አራቁቶት ነበር፤ ዝናቡ አፈር ያለብሰዋል። ለቁጥጥር ብቻዬን ስወጣ የዓሣ ጀርባው ላይ ወፎች ተቀምጠው አገኛለሁ። አይሸሹኝም ነበር።"

"ይህን አንድ ቀን ነግረኸኝ አታውቅም።"

"ያስቀየምኩሽ መስሎኝ ስለ ጫፉ ማውራት ፈራሁ።"

እናቴ ከፌስታሉ የቀረውን እንቁላል አወጣች፤ ልጣ ግማሹን ሰጠችው።

"ሌላስ?" አለችው። "ሌላስ ምን አየህ?"