ከኖራው ሥር ያሉ ወራት

መብረቅ ያሏት ጓደኞቿ ናቸው። ስሙን ሲያወጡላት ብዙም አልተጨነቁም። ጥያቄው ሳያልቅ እጇን የምታወጣ፣ ሚኒባሱ ሳይቆም የምትወርድ፣ ሻዩ ሳይበርድ ጠጥታ ምላሷን የምታቃጥል ልጅ ሌላ ምን ልትባል ነው? ክፋት ግን የላትም። ክፋት ጊዜ ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ጊዜ ኖሯት አያውቅም።

ለዘላቂ ልማት ትምህርት አምስት ተማሪዎችና መምህራቸው ለመስክ ጥናት ወደዚያ ገጠር ሲወርዱ ከሁሉም በላይ የፈነደቀችው እሷ ነበረች። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ገጠር ውሃ በክፍል ውስጥ ስትማር አንድ ቀን እንኳ ጉድጓድ ውስጥ አጎንብሳ አይታ አታውቅም። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሠላሳ ሁለት ቤት አንኳኩታ መጠይቅ ሞላች። ባረፉበት ትምህርት ቤት ወለል ላይ ፍራሿን እንደዘረጋች ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ጣላት።

በዚያው ቀን የመጀመሪያውን ስህተቷንም ሠርታለች። መንደሩ ያለው አንድ የእጅ ፓምፕ ነው። እኩለ ቀን ላይ ስትደርስ እጀታው በሰንሰለት ታስሮ፣ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበት አገኘችውና በታብሌቷ ላይ «አይሠራም» ብላ ሞላች። አሥር ሰዓት ላይ ስትመለስ ሰዉ ጄሪካኑን ደርድሮ፣ ፓምፑ ውሃውን እንደ ጉድ ያንዶቀድቀዋል። ቁልፉን በአንገታቸው ያንጠለጠሉት የፓምፑ ጠባቂ «አይሠራም» መባሉን ሲሰሙ ሳቁባት።

«ልጄ፣ አንቺስ ቀን ጋደም ብትይ ሞታለች ብለው ይጽፉብሻል?» አሏት። «ውሃው እያረፈ ነበር እኮ። ጠዋት እንቀዳለን፣ ቀን ያርፋል፣ አሥር ሰዓት ደግሞ እንቀዳለን። የኔ ሥራ እሱን ማስከበር ነው።»

መንደሩ በፊታቸው እማማ ይላቸዋል፣ በሌሉበት ደግሞ «ቁልፌ»። ሁለቱንም ያውቃሉ፣ በሁለቱም ቅር አይላቸውም። መብረቅ ወደደቻቸው። መጠይቁን ከፍታ «ስለ ውሃው የጽሑፍ መዝገብ አለ?» ብላ ስትጠይቃቸው «የለም» አሏት፤ እሷም «የለም» የሚለውን ነክታ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ነገሩ የከረረው በሦስተኛው ቀን ነው። የአካባቢው ውሃ ቢሮ የእጅ ፓምፑን ነቅሎ ሞተር ሊተክልበት፣ ውሃውንም ከባድ መኪኖች ወደሚያድሩበት የአስፋልት ዳር ገበያ በቧንቧ ሊወስደው አስቧል። ኢንጂነሩ ሐሙስ ጠዋት መጥቶ ይፈርማል። ቢሮው በእጁ ያለው ማስረጃ ጉድጓዱ በተቆፈረበት ሳምንት የተለካ አንድ ልኬት ነው፤ ያን ጊዜ ውሃው ከአፉ ሁለት ሜትር ብቻ ወርዶ ነው የተገኘው። እማማ «በሁለት ዓመት ያደርቁታል» ቢሉም የሰማቸው የለም።

«እውነታቸውን ሊሆን ይችላል» አለ መምህሩ። «ግን የብዙ ዓመት ልኬት ከሌለን ለኢንጂነሩ የምንሰጠው አስተያየት ነው። በአስተያየት ደግሞ ሞተር አይቆምም። ፈልጉ።»

ፈለጉ። ረቡዕ ዕለት መምህሩ ሦስቱን ተማሪዎች ይዞ የቢሮውን ፋይል ሊያገላብጥ ሄደ። እማማ ደግሞ የፓምፑ ጎሚኒ፣ ውሃውን የሚይዘው ጎማ፣ ተበልቶባቸው አዲስ ሊገዙ ወደ ከተማ ሲወጡ፣ ከፓምፑ አጠገብ ያለችውን የጥበቃ ክፍላቸውን ቁልፍ ለመብረቅ ሰጧት። «ዕቃችሁን ከፀሐይ አስገቡ፣ እናንተም አረፍ በሉ» አሏት። አረፍ ማለት ለመብረቅ ከቅጣት አይተናነስም።

አብሯት የቀረው ቆጣሪ ነው። ቆጣሪ ያገኘውን ሁሉ የሚቆጥር ረጋ ያለ ልጅ ነው፤ የትምህርት ቤቱን መስኮት ቆጥሮ ስንቱ እንደተሰበረ በመቶኛ ነግሯቸዋል። ሁለቱ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ መብረቅ ግድግዳውን አየችው። ከወለል እስከ ጣሪያ በሚስማር ተጫጭሯል፤ ጭረቱ ሁሉ ከሰል ተቀብቶ ጠቁሯል።

«የመንደሩ ልጆች ናቸው ይሄን ያደረጉት» አለች። «ስማ፣ ትምህርት ቤቱ መጋዘን ውስጥ የተረፈ ኖራ አይቻለሁ። ለምን አንቀባላቸውም? ሲመለሱ ደስ ይበላቸው!»

«እሳቸውን ሳንጠይቅ?»

«ድንገት ሲሆን እኮ ነው ደስ የሚለው!»

«መምህር ‹በፊት› የሚለውን ፎቶ ሳታነሱ ምንም እንዳትነኩ ብሏል።»

«አንተ ደግሞ! ‹በኋላ› የሚለውን እናነሳዋለን» አለችና ብሩሹን ባልዲ ውስጥ ነከረችው። ቆጣሪም እያጉረመረመ የላይኛውን ክፍል ቀባ፣ ቁመት የሰጠው ለዚህ ይመስል። ሰባት ሰዓት ላይ ግድግዳው ደርቆ ነጭ ሆነ። መብረቅ ለሁለተኛው ቅብ ኖራ እየበጠበጠች ሳለ እማማ ጎሚኒያቸውን በወረቀት ጠቅልለው በሩ ላይ ደረሱ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለ ነበር። በቀስታ ገቡ፤ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ልጄ» አሉ፣ «ወሮቼን የት አደረግሻቸው?»

መብረቅ ምን እንደጠየቋት አልገባትም። እማማ ከአልጋው ሥር አንድ ጥቅል ገመድ አወጡ። በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ አለበት። ጉድጓዱ ከተቆፈረበት ሳምንት ጀምሮ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ማንም ሳይቀዳ ማለዳ፣ ከፓምፑ ጎን ያለችውን ክዳን ከፍተው ገመዱን ይለቁታል። ሲያወጡት ከአፉ እስከ ውሃው ስንት ቋጠሮ እንደሆነ ይቆጥሩና ያንኑ ያህል ጭረት ግድግዳው ላይ ቁልቁል ይጭራሉ። አንድ ረድፍ አንድ ወር ነው። ሞልቶ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል።

«መዝገብ የለም ብለውኝ ነበር እኮ!» አለች መብረቅ።

«የጽሑፍ አልሽኝ። መጻፍ መች እችላለሁ? የለም አልኩሽ። ነገ ኢንጂነሩን እጁን ይዤ አስገብቼ ላሳየው ነበር።»

መብረቅ ክው አለች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችው ግን የሚለቀም አልመሰላትም። አሥራ አንድ ዓመት! አገር ያሰሰችለት ልኬት ግድግዳው ላይ ተቀምጦ ነበር፣ በገዛ እጇ ቀባችው። እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ፣ አሁንም ሳታስብ፣ ኖራውን አጥባ ልታስለቅቅ የመጠጥ ውሃ የነበረበትን ጆግ አንስታ ግድግዳው ላይ ቸለሰችው።

ኖራው አልለቀቀም። ነገር ግን ውሃው የነካው ቦታ ነጭነቱ ጠፋና ከሥሩ ጥቁር ጭረቶች ብቅ አሉ።

«አየህ?» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ጮኸች። «አየህ ወይ?!»

«ኖራ ሲረጥብ ያሳያል» አለ ቆጣሪ፣ ዓይኑ ፈጦ። «አንድ እጅ ብቻ ነው የቀባነው። ሁለተኛውን ደርበንበት ቢሆን...» አልጨረሰውም። «ግን እያደር ይጠነክራል። ነገ ይታይ አይታይ እንጃ።»

እሱ ይህን ሲል ከበሩ በሚገባው ሙቀት ግድግዳው መድረቅ ጀመረ፤ ጭረቶቹም ተመልሰው ጠፉ። መብረቅ ቀሪውን ውሃ ረጨች፣ ቆጣሪ ወረቀት አውጥቶ ቆጠረ፣ እማማም ዓመቱን ነገሩ። አሥራ አራት ወር እንደጻፉ ጆጉ ባዶ ሆነ። ስምንት ሰዓት ነው። ፓምፑ ተቆልፏል።

«እማማ፣ ቁልፉን! ለአምስት ደቂቃ ብቻ!»

የእማማ እጅ አንገታቸው ላይ ወዳለው ቁልፍ ሄደ። ግድግዳቸውን አዩ፣ በመስኮቱ ፓምፑን አዩ። እጃቸው ወረደ።

«አይሆንም።»

«የእርስዎ ወሮች እኮ ናቸው!»

«የኔ ስለሆኑ ነዋ። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ልመናውን ይዞ መጣ፣ ለድግስ ያለ፣ ለጭቃ ቤት ያለ፣ ለማንም አልከፈትኩም። ዛሬ ለራሴ ግድግዳ ብዬ ከከፈትኩ ግድግዳው ምን ይሠራልኛል?»

አሥር ሰዓት እስኪደርስ እንዳይጠብቁ፣ ያኔ እማማ እስኪመሽ ከፓምፑ አይለዩም፤ ያለ እሳቸው ደግሞ ዓመቱን የሚለይ የለም። መብረቅ ለመከራከር አፏን ከፈተችና በዚያው በሩጫ ወጣች። ትምህርት ቤቱ ውስጥ የተማሪዎቹ ሦስት ጄሪካን ውሃ አለ፤ ዛሬ ማታ ሊታጠቡበት፣ ነገ ፊታቸውን አብሰው ኢንጂነሩን ሊቀበሉበት የቀዱት። ሃያ ሊትሩ እያንገዳገዳት ስትደርስ ቆጣሪ ከሌላው ጋር ከኋላዋ ያለከልካል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሥራ ነው ወይስ ድግስ ለማለት ይቸግራል። መብረቅ በጣሳ ትረጫለች፤ ቆጣሪ «ስድስት፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ስምንት» እያለ ይጽፋል፤ እማማ ጣታቸውን እያስከተሉ «ይሄ ዝናቡ የዘገየበት ነው፣ ይሄ የልጄ ሠርግ ወር ነው» ይላሉ። ውሃው በደረቅ ወራት እስከ ዘጠነኛው ቋጠሮ ይወርዳል፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ አራት ይመለሳል። አራተኛው ዓመት ላይ ሲደርሱ ቆጣሪ ሁለት ጊዜ ቆጠረ። «አሥራ አራት?»

«መንገዱ የተሠራበት ዓመት ነው» አሉ እማማ። «ቦቴ እየመጣ አራት ወር ሙሉ በሞተር ቀዳ። እኛም ሥራ መጣ ብለን አጨበጨብን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው፤ እኛን ግን እያሳሳቀ ጥሎን ሊሄድ ነበር። አራት ላይ ለመመለስ ሦስት ክረምት ፈጀበት። ይህን ቁልፍ የገዛሁት ያኔ ነው።»

መብረቅ ጣሳውን እንደያዘች ዘለለች። ይኸው! የሞተር ነገር አንድ ጊዜ ተሞክሯል፣ ውጤቱም ከነወሩ ግድግዳው ላይ አለ! እማማን አቅፋ ሳመቻቸው፣ ቀሚሳቸውንም በኖራ ለወሰችው። «ቀስ፣ ቀስ በይ» አሉ እየሳቁ፣ «ገና ሰባት ዓመት ይቀርሻል።»

መምህሩ አመሻሹ ላይ ሲመለስ ሁለቱ ተማሪዎቹ ከጥርሳቸው በቀር ሁለመናቸው ኖራ ሆኖ አገኛቸው። መብረቅ ያጠፋችውን አስቀድማ ተናገረች፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ አልሸፋፈነችውም። መምህሩ ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብሎ የመጀመሪያውን ረድፍ አየ፤ አራት ቋጠሮ። ከቢሮው የገለበጠውን ማስታወሻ ከኪሱ አወጣ፤ ሁለት ሜትር። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ሐሙስ ጠዋት ኢንጂነሩ በተተኮሰ ሸሚዝ መጣ። ሳይታጠቡ የተቀበሉትን ተማሪዎች ፀጉር ገርሞት ሲያይ ቆየና የሠሩለትን ስዕል ዘረጋ። አንድ መቶ ሠላሳ ሁለት ነጥብ በአንድ መስመር ተያይዞ ይወጣል ይወርዳል፤ መሃል ላይ ገደል አለ።

«ምንጩ ከየት ነው?»

ወደ ክፍሏ አስገቡት። ከፊቱ ነጭ ግድግዳ ብቻ ነበር። «ትቀልዳላችሁ?» አለ።

መብረቅ አንድ ጣሳ ውሃ ረጨች። ምንም የለም። ቆጣሪ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለተኛ ልትረጭ እጇን ስታነሳ እማማ ክንዷን ያዙ። «ጠብቂው» አሏት። ጠበቀች። ውሃው ቀስ እያለ ሰረገ፣ ጥግ ላይም አራት ጭረቶች በደብዛዛው ወጡ። ኢንጂነሩ በጣቱ ቆጠራቸው፤ ፋይሉን ከፍቶ ያቺን ብቸኛ ልኬት አየ፤ ተመልሶ ቆጠራቸው። ብዕሩን ከደነና ኪሱ ከተተው።

«ይሄ ጉድጓድ ሞተር አይገባበትም» አለ። «እንደዚያ ብዬ ነው የምጽፈው። ለአስፋልቱ ገበያ ሌላ ቦታ እንቆፍራለን።» ከዚያ ወደ እማማ ዞሮ «ገመዱን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?» አላቸው፣ እንደ ተማሪ።

አርብ፣ በሚመለሱበት ጠዋት፣ ወር ገባ። ማንም ሳይቀዳ እማማ ክዳኗን ከፍተው ገመዱን ለመብረቅ ሰጧት። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ አጎንብሳ አየች። ለቀቀችው፣ አወጣችው፤ ሰባት። ክፍሉ ገብተው እማማ ሚስማሩን አስጨበጧት። የእሷን ኖራ፣ የእሷን ነጭ ግድግዳ ጭራ የመጀመሪያዋን ጭረት አወረደች።

ውጭ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቷል። ሹፌሩ ክላክስ አደረገ፣ ደገመ። ቆጣሪ ከመስኮቱ «መብረቅ! ጥለንሽ ልንሄድ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ይጠብቅ» አለች መብረቅ፤ እየቆጠረች ሁለተኛውን ጀመረች።